ጳጉሜ የኔ ነበረች

አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን ሥራ በአንድ እሑድ ቀምተው ለስልክ ሰጡት። የደረሰብኝ በደል ይኸው ነው። አላበዛውም፣ አላሳንሰውም።

የቀረው ሁሉ እኔ ያደረስኩት ነው። ከነሙሉ ነገሩ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በማኅበሬ ፊት ቆሜ የተናገርኩት አለ፤ ለንስሐ አባቴም የተናገርኩት አለ፤ ግን የሰጠኋቸው አጥንት አጥንቱን ነው። ሥጋ ቆራጭ ስለሆንኩ ሥጋውን ማስቀረት አውቃለሁ። አሁን አንተ የምታነበው ሥጋው ነው። ይሸታል። ካልቻልክ ተወው።

ስሜ አስራት ነው። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ፣ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሥር ያለችውን ሥጋ ቤት ይዤ እኖራለሁ። እስከ አርባ ሦስት ዓመቴ ፊደል አልቆጠርኩም። ያልተማረ ሰው ደብተሩ ጭንቅላቱ ነው፤ የኔ ደግሞ ጥሩ ደብተር ነበር። ጾም መቼ ይገባል፣ የማን ልጅ መቼ ክርስትና ተነሣ፣ የማን እናት ተዝካር መቼ ነው፣ አስራትን ጠይቁት ይባል ነበር። የሚካኤል ማኅበራችን ተራ አስታዋሽ የሆንኩትም በዚሁ ነው። ደጋሹን ከሳምንት በፊት አስታውሳለሁ፣ ከሦስት ቀን በፊት እደግማለሁ፣ በዋዜማው እደውላለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልሳትኩም። እዚህ አገር ላይ ያለኝ ማዕረግ ያ ብቻ ነበር። ሌላ ምን ነበረኝ? ቢላዋና መጋዝ።

ፊደል ያስቆጠረኝ ጋሽ በየነ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁ ከሥጋ ቤቴ ሁለት በር አልፎ። በጥቁር ገበር ጨርቅ ላይ፣ ልብስ በሚያሰምርበት ጠመኔ ይጽፍልኝና እኔ ከሥሩ እገለብጣለሁ፤ ከዚያ በመዳፉ ጠርጎ እንደገና። ሰው ሲገባ ጨርቁን አጠፍ አድርጎ፣ «አስራት ሱሪ ሊለካ መጥቶ ነው» ይላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሱሪ ተለካሁ። አንድ ቀን እንኳ ለሰው አላወራብኝም። አንድ ቀን እንኳ አልሳቀብኝም። ይህንን አስታውስልኝ፤ እኔ ረስቼው ነበርና።

ኋላ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ሞተ፤ አንደበቱም ተያዘ። ሚስቱ ቀድማ ሞታለች፣ ልጅ የለውም። ካሳራኒ በሚባል ሰፈር ምድር ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተንለት ማኅበሩ በተራ ያስታምመው ጀመር። ተረኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል፤ ያጥበዋል፣ ያበላዋል፣ የግፊት ኪኒኑን ይሰጠዋል፣ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ይቀይርለታል፣ በደህናው እጁ በግራው በሚደርስበት ቦታ ውኃና ዳቦ አስቀምጦለት ይወጣል። ማታ ጎረቤቱ ማማ ኬቨን ገብታ ታገላብጠዋለች። ቀኑን የተከፋፈልነው በታቦት ነው። ልደታን የምትዘክር ወይዘሮ አልማዝ አንድን ወሰደች፤ የሥላሴው ሰባትን፣ የማርያሟ ሃያ አንድን፣ የጊዮርጊሱ ሃያ ሦስትን። እኔ ሚካኤልን፣ አሥራ ሁለትን። ሃያ ሁለት ሰው ሠላሳውን ቀን ተካፈለው፤ አንዳንዱ ሁለት ሁለት ያዘ። ማንም ወረቀት አላስፈለገውም። ታቦቱን የሚረሳ ሰው የለም፤ ቢረሳም አስራት ይደውላል።

ጳጉሜን ግን ማንም አልያዘም።

ልብ በል እንግዲህ። ወሩ ሠላሳ ነው፣ ታቦቱም በሠላሳ ይዞራል። አምስቷ ቀን ከዙሩ ውጭ ናት። ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ሲራወጥ ጳጉሜ በመሐል ሾልካ ትወጣለች። እኔ ያዝኳት። ለማንም አልነገርኩም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም የሆነ ሰው ሄዷል ብሎ ያስባል፤ የሆነው ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። በየዓመቱ ጳጉሜ አንድ ስገባ ጋሽ በየነ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አምስቱን ጣቶቹን ይዘረጋልኛል። አምስት ቀን የኔ ነህ ማለቱ ነው። በማግስቱ አራት፣ ከዚያ ሦስት። እንዲህ እያለ እስከ አዲሱ ዓመት ያደርሰኛል። ያን ሒሳብ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንዱ መናገር አይችልም። አንዱ ዝም ማለት ይችላል።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ሚያዝያ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ አቶ ንጉሤ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፣ ተነሣና አንዲት ልጅ አስተዋወቀን። ብሌን ትባላለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር በአንድ የእርዳታ ድርጅት የምትሠራ፣ አባቷም የማኅበራችን ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ስልኳ ውስጥ ያለ ረዳት አሳየችን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚሉት፤ አንዴ ከነገሩት በየቀኑ፣ በየወሩ፣ ሳይታክት ለተረኛው መልእክት ይልካል። ጥሩ ነገር ነው። ዛሬም ጥሩ ነገር ነው እላለሁ። ንጉሤ ግን ነገሩን በዚያ አላቆመውም።

«እስከ ዛሬ የኖርነው በአስራት ጭንቅላት ነው» አለ። «ጭንቅላት ደግሞ ያረጃል። አስራት ይረፍ። ይኼኛው ቢያንስ ሳይንተባተብ ያነባል።»

አዳራሹ ሳቀ። ወይዘሮ አልማዝ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዓመት በዓል ላይ ተነሥቼ ከዳዊት ሳነብ ተንተባትቤ ነበር፤ ያቺን አንስቶ ነው። ብሌን አልሳቀችም። አልሳቀችም፤ ይህንን ያስተዋልኩት ግን በጣም ቆይቶ ነው። የዚያን ቀን የሷም ሳቅ የተሰማኝ መስሎኛል። መናደድ የፈለገ ሰው ያልተሳቀውንም ይሰማል።

ልጅቷ ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ በአንድ ረቡዕ፣ ሥጋ ቤቴ መጣች። በጾም ቀን ሐበሻ ሥጋ ቤት አይመጣም፤ እኔና ዝንቦቹ ብቻ ነበርን። ኮምፒውተሯን እንጨቱ ላይ፣ የምቆርጥበት ላይ፣ ጋዜጣ አንጥፋ አስቀመጠች።

«ጋሽ አስራት፣ ቀኖቹን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት አሉኝ። ይንገሩኝ፣ እኔ አስገባለሁ። ብቻ ቀስ ይበሉልኝ፤ የኔ አማርኛ ታይፒንግ የዔሊ ነው።»

ነገርኳት። አንድ ልደታ፣ አልማዝ። ሁለት እገሌ፣ ሦስት እገሌ። ሠላሳ ማርቆስ ድረስ አንድም ሳልሳሳት። መልሳ አነበበችልኝ። ከዚያ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችና፣

«ጋሼ፣ ረዳቱ አንድ ነገር እየጠየቀኝ ነው። በየወሩ ከአንድ እስከ ሠላሳ ይደገማል፣ ከሠላሳው ውጭ የሚወድቅ ቀን ይኖር ይሆን ይላል።»

እይ እንግዲህ። ማሽኑ ጠየቀ። በእንጨትና በዝንብ መሐል ተቀምጦ፣ አዳራሽ ሙሉ ሐበሻ ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። ልጅቷ እዚህ ያደገች ናት፤ እንቁጣጣሽን ታውቃለች፣ ጳጉሜን የምታውቃት በስም ነው። እኔ አውቃለሁ። በዚያች ደቂቃ አልታወሰችኝም እንዳልል ቁልጭ ብላ ነው የታየችኝ፤ ከነአምስቱ ጣቶች።

«የለም» አልኩ።

«ሹር ነዎት?»

«የለም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ልጄ አልኳት። እየዋሸኋት ልጄ አልኳት። ሳስበው የሚያቅለሸልሸኝ ከ«የለም»ው ይልቅ ይኼኛው ነው። ሰውን በዘመድ ስም እየጠሩ ማረድ ከየት ተማርኩ? በሬን እንኳ ሳርድ አላባብልም።

ምን ነበር ያሰብኩት? ነገሩን አሳምሬ ልነግርህ እችል ነበር። ጋሽ በየነ ላይ ክፉ አላሰብኩም ልልህ እችል ነበር። እውነቱ ስለ ጋሽ በየነ ምንም አለማሰቤ ነው። ያሰብኩት ስለ ንጉሤ ፊት ነው። ጳጉሜ ትመጣለች፣ ማሽኑ ዝም ይላል፣ ሰው አይሄድም፣ ማማ ኬቨን ማታ ገብታ ትጮኻለች፣ ማኅበሩ ያፍራል፣ ከዚያ «አስራትን ጥሩት» ይባላል። በቃ። ሰውዬው በዚህ ስሌት ውስጥ እንደ ሚዛን ድንጋይ ነበር፤ ያስቀመጥኩት ሌላውን ልመዝንበት ነው።

ከግንቦት እስከ ነሐሴ ረዳቱ አንድ ቀን አልሳተም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የነገውን ተረኛ ስልክ ያንጫርራል። ሰኔ አሥራ አንድ ለኔም መጣልኝ፤ «ጋሽ አስራት፣ ነገ ሚካኤል ነው፣ ተራው የእርስዎ ነው» ይላል። ሚካኤልን ለኔ ይነግረኛል። ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩትና ስልኩን ሞራ ባለበት ጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ነሐሴ ሠላሳ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬን እንጨቱ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ዝም አለ። የማንም ስልክ እንዳልጮኸ አውቃለሁ። ደስ አለኝ። ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። ደስ አለኝ።

ጳጉሜ አንድ ለበዓል የታዘዘ ሥጋ ስቆርጥ ዋልኩ። ከማማ ኬቨን ጩኸት ይመጣል ብዬ ስልኬን ደጋግሜ አየሁ። አልመጣም። ጳጉሜ ሁለትም ስቆርጥ ዋልኩ። አልመጣም። ማማ ኬቨን ይዛዋለች ማለት ነው አልኩ። እንደዚያ ብዬ እጄን ታጥቤ ምሳዬን በላሁ። የበላሁትን አስታውሰዋለሁ፤ ዱለት ነበር።

ጳጉሜ ሦስት ጠዋት ማታቱ፣ የዚህን አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ይዤ በቲካ መንገድ ወደ ካሳራኒ ሄድኩ። አዝኜ ሄድኩ ብል ዋሸሁ። የሄድኩት የሆነውን ለማየት ነው። አገር ቤት ሩፋኤል ቀን ይዘንባል፣ ሰው ወጥቶ ይጠመቅበታል። እዚህ አቧራ ነው። የሕንፃው ጠባቂ በሩ ላይ ቁልፉን እየሰጠኝ፣ ማማ ኬቨን ከሦስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ ለቀብር ወደ ገጠር መሄዷን፣ እስካሁን እንዳልተመለሰች ነገረኝ። «የእናንተ ሰዎች ደግሞ ጠፉ» አለኝ በስዋሂሊ፤ ቀለል አድርጎ ነው ያለው፣ ከሰላምታ ጋር።

ሦስት ቀን ሊሞላው ጥቂት የቀረው ዝግ ክፍል ከፈትኩ።

እኔ አንጀት ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨጓራ እገለብጣለሁ፣ ሽታ አይመልሰኝም። የዚያ ክፍል ሽታ ግን በሩ ላይ ደረቴን ይዞ አቆመኝ። የውኃው ጣሳ ወድቆ ወለሉ ላይ ደርቋል። ጋሽ በየነ በሞተው ጎኑ ወደ ግድግዳው ተንሸራቶ፣ ከሥሩ እስከ ጀርባው በራሱ እዳሪ ውስጥ ተኝቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዝንብ ዓይኑ ጥግ ላይ ነው፤ አይከለክላትም። ሞቷል አልኩ። ከዚያ ዓይኑ ዞረና አየኝ።

ግራ እጁን አነሣ። አምስቱን ጣቶቹን ዘረጋ። ሁለቱን አጠፈ።

ቀኑን ሲቆጥር ነበር። በዚያ ውስጥ ተኝቶ፣ ሳይበላ፣ ጳጉሜን በጣቱ ሲቆጥር ነበር። ሲጠብቅ የነበረው ማኅበሩን አይደለም፣ ረዳቱን አይደለም። እኔን ነው። ከዓለም ሁሉ ማን መምጣት እንደነበረበት የሚያውቅ አንድ ሰው እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ለማንም ያልተናገርኩት። ከማጠቤ በፊት፣ ውኃ ከማጠጣቴ በፊት፣ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁት። እያየኝ። ሁለት አነሣሁ፤ የመጀመሪያው ስለጨለመ። ከዚያ በማኅበሩ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁትና፣ በዚያ የአንድ ዓመት ጠመኔ በተማርኩት ፊደል፣ ከሥሩ «ማሽናችሁ የሠራውን እዩ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ፊደል አልሳትኩም። ውኃውን ያጠጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው ፎቶውን ያየው እንደ እሪታ ነው። አስራት ደነገጠ፣ እጁ የደረሰበትን አደረገ አሉ። እኔ ግን ብርሃኑ በደንብ እንዲወድቅበት መስኮቱን እንደከፈትኩ አውቃለሁ። ለሽታው አልነበረም የከፈትኩት። እንደዚህ ያለ እጅ መቁረጥ እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል?

አጠብኩት። ጀርባው ላይ የአልጋ ቁስል ወጥቶ ነበር። ንጉሤ መኪና ይዞ መጣ፣ ሆስፒታል አስገባነው፣ ተረፈ፤ ወደ ክፍሉ መለስነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ስገባ ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ያስገባ ነበር። ለሌላው ይዘረጋል፣ ይጨብጣል። ለኔ ይደብቃል። ሰዎቹ ታሞ ነው፣ ግራ ገብቶት ነው አሉ። ግራ የገባው የለም።

መስከረም አሥራ ሁለት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ብሌን ከፊት ለብቻዋ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ» አላት ንጉሤ፣ «ሰው ልትገድዪ ነበር። ማሽን ሰው አይሆንም። እኛ ቀድሞም ብለን ነበር።» ቀድሞ ያለው የለም። ያመጣው እሱ ራሱ ነው።

ብሌን ተነሣች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያየችኝ ረጅም ጊዜ ነው፤ አንድ ሰው «የለም» የሚለውን ቃል አንስቶ ለመናገር የሚበቃ ጊዜ። እኔ ወለሉን አየሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በጣም ይቅርታ» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ በኋላ ማኅበር አልመጣችም። ረዳቱን አነሡት። እኔን ወደ ሥራዬ መለሱኝ፤ አጨበጨቡልኝ፤ ያ የሳቀብኝ ንጉሤ በገዛ እጁ ጋቢ አለበሰኝ። ለበስኩት። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንገቴን ጎንበስ አድርጌ ለበስኩት። የደረሰብኝ በደል ተካሰ እንግዲህ። በማን ጀርባ? በአንድ ሽማግሌ ቁስል፣ በአንዲት ልጅ ስም።

ደስታው አንድ ሳምንት አልቆየም። ጋቢውን ስለብሰው ያ ክፍል ይሸተኝ ጀመር። ሁለቴ አጠብኩት። ጨርቁ እንዳልሆነ ገብቶኝ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ሚያዝያ ላይ የሆስፒታሉ ሰዎች ደህናው እጁ እንዳይተሳሰር ሥራ ስጡት አሉ። ያ ጠመኔ ትዝ አለኝ። ከድሮ ሱቁ አንድ ጥቁር ጨርቅና ጠመኔ ፈልጌ ይዤለት ሄድኩ፤ ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ ደግ መስዬ ለመታየት ይሆናል። ጨርቁን ደረቱ ላይ ዘረጋሁለት። ያን ጊዜ እጁን አወጣ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ፊደሎቹ የኔን የመጀመሪያ ፊደሎች ይመስሉ ነበር፤ አንዱ ላይ አንዱ የወደቀ።

«ለልጅቷ ንገራት» ይላል። ተረኞቹ ብሌንን ሲወቅሱ አልጋው ላይ ሆኖ ሲሰማ ከርሟል።

አነበብኩት። ማንበብ ያስተማረኝ ሰው ነው የጻፈው፣ አላነበብኩትም ማለት አይቻልም። በመዳፌ ጠረግሁት። ግንቦት አሥራ ሁለት ስሄድ ያንኑ ጻፈ፤ ጠረግሁት። ሰኔ ጻፈ፤ ጠረግሁት። ሐምሌ ጻፈ፤ እዚያው ተቀምጬ ፊቱን እያየሁ ጠረግሁት። እሱ ድሮ እንዲሁ በመዳፉ ሲጠርግ እንደገና እንድሞክር ነበር። እኔ የጠረግሁት ማንም እንዳያይ ነው። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልጻፈም። ስለ ውኃው፣ ስለ ፎቶው፣ አንድ ቃል የለም። ጠመኔው የበቃው ለልጅቷ ብቻ ነው።

ነሐሴ ገባ። ጳጉሜ እንደገና ልትመጣ ነው፤ አስታዋሹ እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ አስራት አለ ብሎ ተኝቷል። እኔ ብሞትስ? ማታቱ ቢገለብጠኝስ? አምስቷ ቀን የምትገኘው በኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቴ ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ ደግሞ አሁን አንተም ታውቃለህ። ንጉሤ እንዲያ ብሎ ሲሳለቅብኝ እውነት ተናግሮ ነበር። ሰውዬው ባለጌ ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር።

ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ በማኅበሩ ስብሰባ፣ ጋቢውን አጥፌ ይዤ ተነሣሁ። «ብሌን ከሠላሳው ውጭ ቀን አለ ወይ ስትለኝ የለም ያልኳት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው» አልኩና ጋቢውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ንጉሤ ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ፣ «ሰውዬ፣ አንተ እኮ ሥጋ ቆራጭ ሳትሆን አራጅ ነህ» አለኝ። ወይዘሮ አልማዝ ናት፣ «እኛስ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ስንሠራ ነበር?» ያለችው። እውነቷን ነው። ግን ያቺን እውነት አልወስዳትም፤ የሷ ናት፣ ለኔ መሸሸጊያ አትሆነኝም።

ለብሌን ደውዬ ነገርኳት። አዳራሽ አልመጣም አለች፤ በረቡዕ ሥጋ ቤት መጣች። ያው እንጨት፣ ያው ጋዜጣ፣ ያው ዝንብ።

«የለም እንዳሉኝ አልረሳሁትም» አለችኝ። «ያን ቀን ቆሜ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ግን እኔስ ብዬ አሰብኩ። ካሌንደር ማየት እኮ ነበረብኝ። ያን ፎቶ ዓመት ሙሉ አላጠፋሁትም፤ ይሄ የኔ ሥራ ነው እያልኩ አየው ነበር።»

ሁለት ሰው ጠብቆኛል እንግዲህ። አንዱ በአልጋ፣ አንዷ በአዳራሽ። ለሁለቱም አልደረስኩም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«እሱን ቆይተን እናያለን። አሁን ቀኖቹን ይንገሩኝ።»

እንደገና ነገርኳት፤ አንድ ልደታ ብዬ እስከ ሠላሳ። ሲያልቅ ሳትጠይቀኝ ቀድሜ፣ «ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ አልተጻፈችም» አልኩ።

«የማን ስም ላስገባ?»

«የኔን።»

«በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች ይላል ረዳቱ።»

«ስድስተኛዋም የኔ ናት።»

ጻፈች። ከዚያ ለረዳቱ ሌላ ትእዛዝ ጨመረችበት፤ እያንዳንዱን ነገረችኝ። ተረኛው ደርሶ «ደርሻለሁ» ብሎ ካልጻፈ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ለሁለት ሰው ይናገራል። እነሱም ዝም ካሉ እኩለ ቀን ላይ ለሃያ ሁለታችንም። ስም የሌለበት ቀን ካጋጠመው ደግሞ ዝም አይልም፤ ከሳምንት በፊት ይጮኻል። «በማንም ሰው ላይ ብቻ እንዳንተማመን ነው» አለች፣ ቀና ብላ። «በኔም ላይ።» በእርስዎም ላይ አላለችኝም። ባትለኝም ሰማሁት።

ነሐሴ ሠላሳ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ጋሽ አስራት፣ ነገ ጳጉሜ አንድ ነው፣ ተራው የእርስዎ ነው።» ፊደል በፊደል አነበብኩት። በማግስቱ ካሳራኒ ደርሼ፣ በር ላይ ቆሜ «ደርሻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ በየነ እጁን አላወጣም። ለልጅቷ እንደነገርኳት ነገርኩት፤ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ግን አላወጣም። በሁለተኛው ቀንም። በሦስተኛውም፣ በሩፋኤል፣ ጀርባውን እያጠብኩ ጠባሳውን በጣቴ ስነካው እጁ ከብርድ ልብሱ አልወጣችም። በአራተኛውም።

ይቅርታ ከአንተ አልለምንም። ይቅር ማለት የምትችለው አንተ አይደለህም፤ የሚችሉትን ደግሞ አላስቸግራቸውም። ንቀውኝ ነበር ብዬ አላመካኝም፤ የናቀኝ ንጉሤ ነው፣ የከፈለው ጋሽ በየነ ነው። የዚያ ፎቶ ነገር ግን ይኸው ተጻፈ። መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

በአምስተኛው ቀን አጥቤው፣ አብልቼው፣ ውኃውን አስተካክዬ ልወጣ ስል እጁ ከብርድ ልብሱ ወጣች። አምስቱን ጣቶቹን ዘረጋ። አንድም አላጠፈም። ትንሽ አቆይቶ መልሶ ከተታት። ምሕረት ነው ብዬ አልተረጎምኩትም። ቆጠራ ነው፤ አምስት ቀን ነበረብህ፣ አምስት ቀን መጣህ ማለቱ ነው። ከዚያ በላይ አልተባባልንም።

ነገሩ የተዘጋው ያን ዕለት ነው፤ ጳጉሜ አምስት ቀን።